ይሻውን አፈር የሚያለብሰው ማን ነው?

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ቄስ አያሌው፣ ከደብረ ታቦር በአይሱዙ ተጭናችሁ የመጣችሁ፣ ከገሳይ ገጠር በጭቃው በእግራችሁ የወጣችሁ ዘመዶቻችን፣ እንዲሁም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ የቆማችሁ ሁሉ፤ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቅጥሩ ውጭ ያላችሁትም ወንድሜን ብላችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ባይሆን ኖሮ ቤታችሁ ትውሉ ነበር።

ዘርትሁን እባላለሁ። የይሻው ታናሽ ነኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። በመቃብር ላይ የሚናገረው ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ስላልተነሣ ነው እኔ የተነሣሁት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ልመናዬን ላስቀድም፤ ምክንያቱን ከዚያ ትሰማላችሁ። ይህን ጉድጓድ የቆፈርነው እኔና አክስቴ ፍሬሕይወት ነን። በአገራችን የሐዘኑ ባለቤት አይቆፍርም። እኛ ቆፈርን። በአገራችን የሐዘኑ ባለቤት የሞተበትን ሰው በገዛ እጁ አፈር አያለብስም። እሱን ሰው ደግፎ ይይዘዋል፣ አፈሩን ሌላ ሰው ይመልስለታል። ይህንን ግን አላደርገውም። አልችልም። ወንድሜን አፈር አልብሱልኝ። ልመናዬ ይኸው ነው።

ለምን ቀባሪ ጠፋ? ደብረ ታቦር ላይ ጡሩንባ ለምን አልተነፋለትም? እድራችን ድንኳኑን ለምን ከለከለ? ቃሬዛውንስ ለምን ከለከለ? ከአስፋልቱ እስከዚህ ድረስ ሬሳውን ሴቶች ለምን ተሸከሙት? ሴት ሬሳ ስትሸከም ከዚህ በፊት ያየ ከመካከላችሁ አለ? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሹክሹክታ ስትነጋገሩት ሰንብታችኋል። እኔ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም ሊጎዳው አይችልምና። የወንድሜ ልብ የወደደው ወንድን ነው።

ይኸው ተናገርኩት። ሰማዩ አልወደቀም።

ይሻው ግን ይህ ብቻ ነበር? አባታችን ሲሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጨረስኩም ነበር። እሱ ትምህርቱን ተወ፣ ደብረ ታቦር ገባ፣ ብየዳ ተማረ፣ እኔንና እማን ወሰደን። ከእናንተ ውስጥ የማን በር ነው እሱ ያልበየደው? የማን መስኮት? ሥራ ላይ ሲሆን ይዘፍናል። ድምፁ ደግሞ አስቀያሚ ነበር። አንድ ደንበኛ፣ ተው እንጂ ይሻው፣ በዚህ ድምፅ ብረቱ ራሱ ይቀልጣል ቢለው፣ መብራት ሲጠፋ የምበይደው በምን መሰለህ አለው።

አያችሁ፣ ከቅጥሩ ውጭም ሳቃችሁ። ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

ባለፈው ጥር እማ ልትድረው ፈለገች። እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከች፤ ወደ ጋሽ ሞላ ቤት፣ ልጃቸውን ሰብለወንጌልን ለመጠየቅ። ለይሻው አልነገረችውም፤ ካለቀ በኋላ ደስ እንዲለው ብላ ነው። ጋሽ ሞላም እሺ አሉ፣ ቀን ተቆረጠ። ይሻው ዝም ብሎ ቢያገባ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጎ ይኖራል፤ ማንም አይጠይቀውም። እሱ ግን ሰብለን ከገበያ ስትመለስ ጠብቆ እውነቱን ነገራት።

ሰብለ፣ እንድናገር ፈቅደሽልኛል። እንዲህ ነው ያላት፤ “አንቺ ከልቡ የሚወድሽ ሰው ይገባሻል። እኔን ካገባሽ ባል እያለሽ ብቻሽን ትኖሪያለሽ።”

ሰብለ ለማንም አልተናገረችም። አልፈልገውም ያልኩት እኔ ነኝ ብላ የአባቷን ቁጣ በራሷ ላይ ወሰደች። ጋሽ ሞላ፣ ይህን ገና አሁን መስማትዎ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንድሜ ቤትዎን አልናቀም። ልጅዎን አላታልልም ብሎ ነው።

በዚያው ሳምንት ለእማም ነገራት። እማ ምን ታድርግ? የእኛ ሰው ሲጨንቀው ወዴት ይሄዳል? ወደ ንስሐ አባቱ ነው። ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር እዚያው ይቀራል ብለን ነው ያደግነው። የከተማው ንስሐ አባታችን ግን ይጸልዩለት ብለው ለማኅበርተኞቹ አወሩ። በቀጣዩ እሑድ ሰባኪው፣ ርኩሰቱን ከመካከላችሁ አውጡ አለ። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም። ምእመኑ ዞሮ እኛን አየ።

ከዚያ በኋላ ብየዳ ቤቱን ደንበኛ አልረገጠውም። አከራያችን ቤቱን ልቀቁ አሉ። በድንጋይ ግንባሩን ሲፈነክቱት እማ ለፖሊስ እናመልክት አለችው። ምን ብዬ አላት፣ ሕጉም የሚያስረው እኮ እኔን ነው።

ግንቦት ላይ ትምህርት ቤት ውስጥ ተደባደብኩ። አንዱ የወንድሜን ነገር አንሥቶ ሲሰድበኝ አፍንጫውን መታሁት። ወላጅ አምጣ ተባልኩ። ይሻው ከነጥላሸቱ መጣ። መምህሩ ከላይ እስከ ታች አይቶት ወላጁ አንተ ነህ ወይ ቢለው፣ አዎ፣ ቁመቴ ነው እንጂ ያጠረው ወላጅ ነኝ አለ። መምህሩ ሳቀ። ይቅርታ ጠይቀን ወጣን። መንገድ ላይ ለምን እንደመታሁት ጠየቀኝ። ያለኝን ስድብ ነገርኩት። ጥቂት ሄድን። ከዚያ ቆመና፣ “ዘርትሁን፣ እውነት ስለተናገረ ሰው አይመታም” አለኝ።

የሚወራው እውነት መሆኑን በእርግጥ ያወቅኩት በዚያች ሰዓት ነው። ያው ይሻው ነበር። ጥላሸቱም ያው ነበር። ቀጥሎ የነገረኝም ለእራት ሽንኩርት እንድንገዛ ነው።

ሐምሌ ሲገባ እማ ጠበል ግባልኝ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ላንቺ ስል እገባለሁ አላት። እኔ ጠበልን አልነቅፍም። ልጅ ሆኜ ታምሜ ጠበል ነው ያዳነኝ። ወንድሜን ውኃው አልገደለውም። የጠበሉ አጥማቂዎች እጁን አስረው በክረምቱ ብርድ ራቁቱን አቆሙት። ተናገር፣ ልቀቀው እያሉ በመቋሚያ ደበደቡት። እህል ከለከሉት። ይሻው የሚናገር መንፈስ አልነበረበትም። የነበረበት ሳል ነው። ሳሉ ወደ ሳንባው ወረደ። ሆስፒታል ስናደርሰው ረፍዶ ነበር። ያደረጉት ሰዎች ዛሬም እዚያው አሉ፤ ዛሬም የሰው ልጅ ታስሮ ይመጣላቸዋል። ስንት እናት እንደ እማ ልጄ ይድንልኛል ብላ በገዛ እጇ ታስረክባለች?

እማ፣ ቀና በይ። አልጋው ላይ ሆኖ በመጨረሻ ያለኝን ሰው ሁሉ ይስማው። “እማን እንዳትቆጣት” ነው ያለኝ። አልቆጣሽም። ሌላም ሰው እንዲቆጣሽ አልፈቅድም።

እዚህ መቆም የነበረበት አንድ ሰው ቀርቷል። ወንድሜ የሚወደው ሰው ነው። ማልቀስ ከማንም በላይ ለእሱ ይገባው ነበር። ዛሬ የት ተሸሽጎ እንደሚያለቅስ አላውቅም። ስሙን ብጠራ ነገ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል። ስለዚህ አልጠራም። ባለህበት እግዚአብሔር ያጽናህ።

ቄስ አያሌው፣ አንቱ ሌሎቹ የከለከሉንን ቦታ ሰጥተውናል። ውለታዎን አንረሳም። ፍትሐቱን ግን ከበላይ ካልተፈቀደ አልችልም ብለዋል። እኔ ልጅ ነኝ፤ ከአንቱ ጋር አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ይህን ልጅ በአርባ ቀኑ ያጠመቁት አንቱ አይደሉም? ያን ቀን ሲያቅፉት፣ አድጎ ማንን እንደሚወድ ጠይቀው ነበር?

ንግግሬ አልቋል። አሁን ልመናዬ ብቻ ቀረ። ወንዶች የላችሁም? የእሱን በር ከፍታችሁ የወጣችሁ፣ ማታ የእሱን በር ዘግታችሁ የምትተኙ፣ አንዳችሁም የላችሁም? ወንድሜን ውደዱት አላልኩም። የሠራው ልክ ነው በሉ አላልኩም። ቅበሩት ነው ያልኩት። ሰው ለሰው የሚያደርገውን የመጨረሻ ነገር ነው የለመንኩት።

እጠብቃለሁ።

ሰብለ፣ ተይው አንቺ፤ ትከሻሽ በሸክሙ ቆስሏል። ፍሬሕይወት፣ ተቀመጪ።

እጠብቃለሁ።

ጋሽ ሞላ። በሩ በዚያ በኩል ነው፤ በቅጥሩ አይዝለሉ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። መንገድ ልቀቁላቸው እባካችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካፖርትዎን እኔ ልያዝልዎ። አካፋው እነሆ። ቀስ አድርገው ይጀምሩ፤ ራስጌው በምዕራብ በኩል ነው።

ይሻው፣ ወንድሜ፣ ትሰማለህ? አባት ሆነህ አሳደግከኝ፤ እኔ ላንተ ማድረግ የቻልኩት ይህን መለመን ብቻ ነው። ብርዱ አልፏል። የሚያስርህ የለም፣ የሚጠይቅህም የለም። እማን እኔ እይዛታለሁ። አፈሩን እንደ ገለባ ያቅልልህ። ደህና ሁን፣ ይሻውዬ።

ሰው መጥቶልሃል።