አንዱ ያጨሳል፣ አንዱ ያሸታል

«ሄሎ… ኤልዊን? ጮክ በል፣ አይሰማኝም፤ ዓሣው እየተጠበሰ ነው። — ቨርሊን፣ እስቲ እሳቱን ቀንሺልኝ፤ ወንድምሽ ነው።»

ኦዴል ከእሑድ ጸሎት መልስ ገና ክራባቱን አልፈታም። እሱና የሚስቱ ወንድም ኤልዊን ዕድሜያቸውን የፈጁት በፎርት ላውደርዴል ወንዝ ዳር፣ በአንዲት የጀልባ መጠገኛ ግቢ ውስጥ፣ ለጀልባ የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ በመዘርጋት ነው። ሽርክናው ቀደመ፤ ጋብቻው በእሱ ላይ የበቀለ ነው።

«አዎ፣ አሁን ሰማሁህ… ምን? … በደንበኛችን በሚስ ኦፓል ጀልባ ላይ ‹እኔ ነኝ ያሸተትኩት› ልበል? … ለማን? … አንተ ሰውዬ፣ ያን ቀን እኮ ሐኪም ዓይኔን ሸፍኖ ቤት አስተኝቶኛል! … እሱማ አዎ፣ ሠርተሃል። ‹ጨርሻለሁ፣ ሽፋኑንም ዘግቻለሁ› ብለህ ነገርከኝ። ማን አሸተተልህ ብዬ ስጠይቅህ ‹የግቢው ዘበኛ› አላልከኝም?»

በሁለቱ መካከል ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያልሻረው ሕግ ነበር። ቱቦው ተዘርግቶ የእንጨት ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት፣ ኤልዊን ወደ ሞተር ክፍል ወርዶ ሲጋር ይለኩሳል፤ ኦዴል ማራገቢያውን ከፍቶ መኝታ ክፍል ውስጥ ይጋደማል። የትምባሆ ሽታ ሽው ካለበት ሽፋኑ አይዘጋም፤ ዛሬ የሲጋር ጭስ ያገኘውን መንገድ ነገ የሞተር ጭስ አያጣውምና፣ የሞተር ጭስ ደግሞ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል።

«ዘበኛውም አልነበረም? … ታዲያ ብቻህን አጭሰህ ወጣህ? … እንዲያውም አላጨስክም! … ሳቅህን ዋጥ፣ ኤልዊን! የታሰረው ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ አልነበረም፤ ብትጠራኝ ግድግዳ እየዳበስኩ እመጣልህ ነበር። … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … እኮ ቱቦውን በየት በኩል አሳለፍከው? … በቁም ሳጥኑ ዞሮ ነበር የተስማማነው። … ቁም ሳጥኑን መፍታት ሰለቸህ? … እና የሞተር ክፍሉን ግድግዳ በስተህ አሳለፍከው። … ቀዳዳውንስ ዙሪያውን ደፍነኸዋል? … ‹ይመስለኛል›! ይመስለኛል ብሎ ነገር ምንድን ነው?»

ክህደት ፊቱን አጥቁሮ፣ ጥርሱን ነክሶ የሚመጣ ነገር ይመስለው ነበር ለኦዴል። በለመደው የአማች ድምፅ፣ እንደ ዘወትሩ እየቀለደ፣ በምሳ ሰዓት ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ቆይ፣ ቆይ። ዛሬ በሰንበት ይህን ምን አስታወሰህ? … ደወሉልህ? ሚስ ኦፓል? … መቼ? … ምን አሉህ? … ራሳቸውን እየፈለጣቸው ነው። … የልጅ ልጆቹንም። … ባሕሩ ላይ መልሕቅ ጥለው፣ በዚህ ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ ጄኔሬተሩ እየሠራ… እና አንተ ምን አልካቸው? … ኤልዊን! ምን አልካቸው? … ‹የባሕር ሕመም ነው፣ ቀዝቀዝ ያለው ክፍል ገብታችሁ ጋደም በሉ›?»

ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«ቨርሊን! መጥበሻውን ተይው! ስልክሽን አንሺና ሚስ ኦፓል ጋ ደውዪ፤ አሁኑኑ! ሁሉም ከክፍሉ ወጥተው ላይ፣ ነፋስ ላይ ይቀመጡ በያቸው… የለም፣ ጄኔሬተሩን ማጥፋቱ ይደርሳል፤ በፊት ይውጡ! … ለምን እንደሆነ በኋላ ወንድምሽን ትጠይቂዋለሽ።»

ቨርሊን ዱቄት በነካው ጣቷ ቁጥሩን ፈለገች። ኦዴል ጀርባውን አዙሮ ወደ ስልኩ ተመለሰ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ዝቅ ማለቱ ግን ከጩኸቱ የከፋ ነበር።

«አለሁ። … ከእኔ በፊት ለእሳቸው መደወል አልነበረብህም? … ‹መጀመሪያ ቃላችን አንድ ይሁን ብዬ›! ሰው እየታፈነ አንተ ቃል ታስተካክላለህ? … ምን? እንደገና በለው። … ጀልባዋን ሲረከቡ ጠይቀውህ ነበር? ‹ኦዴል አሽትቶታል ወይ?› ብለው? … አንተስ? … አዎ አልካቸው። … እኔን አምነው ነዋ የተኙት፣ ኤልዊን! በእኔ አፍንጫ ነው የተኙት! — አላነሱም? ደግመሽ ሞክሪ፤ እስኪያነሱ እንዳትዘጊው! — … አንተ ዝም በል። አሁን ዝም በል።»

ምድጃው ላይ የቀረው ዓሣ ማረር ጀመረ። ከሁለቱ ማንም ዘወር ብሎ አላየውም።

«— አነሱ? … ልጆቹስ? … ቨርሊን፣ ልጆቹስ?»

ቨርሊን ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ እየሰማች፣ የሰማችውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ለባሏ አቀበለችው። ትንሹ ያስመልሰዋል። ትልቋ አልነቃ ብላ፣ አያቷ ጎትተው አውጥተዋታል፤ አሁን ዓይኗን ገልጣለች። የባሕር ጠባቂዎች በፈጣን ጀልባ እየመጡላቸው ነው።

«ሰማህ? … ወጥተዋል። ሦስቱም አሉ። … አሉ እልሃለሁ። … አልቅስ፤ አልከለክልህም።»

ኦዴል የወደቀውን ወንበር አንስቶ ተቀመጠ። ልቡ ለአፍታ ረገበች፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣው ልቅሶ የድሮውን ኤልዊንን፣ ጠባብ ሞተር ክፍል ውስጥ ላብ አጥምቆት እየዘፈነ የሚሠራውን ጎረምሳ፣ ሊመልስለት ምንም አልቀረውም ነበር።

«እሺ… እሺ፣ ተረጋጋ። … ምን አልክ? … ‹እንኳን ተረፉ፤ እንግዲህ›… እንግዲህ ምን? … ከተረፉማ ነገሩ ቀላል ነው? … መርማሪ ቢመጣ አሁንም ‹አሽትቻለሁ› እንድልልህ ነው?»

ስልኩን ከጆሮው አራቀው። ድምፁ ከእጁ መዳፍ ውስጥ እያነሰ መማጠኑን ቀጠለ፤ ስለ ሽርክናው፣ ስለ አማችነታቸው፣ ስለ እህቱ።

«— ወንድምሽ ነው። የምትይው ካለሽ።»

ቨርሊን የሚስ ኦፓልን ድምፅ ከጆሮዋ ሳታነሳ፣ በሌላ እጇ የባሏን ስልክ ተቀበለች። ዘጋችው።