የመንኮራኩሩ አዛዥ ገዳይ

እኔና ባለቤቴ ካሳ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው በርበሬ መቀንጠስ ነበር። ከአርባው በኋላ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ያወሩ ነበር።

«አዛዡን አልጋው ላይ አንቀው ገደሉት!»

«ማን ነው የገደለው?»

«እሱን መች አወቅሁ!»

አንዲት እናት አማተቡ።

«ልጆቼ፣ ፖሊስ ሰምቷል?»

«ኧረ እማማ፣ የጠፈር ልብ ወለድ ነው! ጋሼ ካሳ መጽሐፍ ሲያውሱ የመጨረሻውን ቅጠል ገንጥለው ያስቀራሉ። ቅጠሉን የሚያስነብቡት መጽሐፉን ስንመልስ ነው።»

«ታዲያ መልስና አንብባ!» አለ ጓደኛው።

«ሞቱ እኮ!»

«ውይ! ገዳዩ ሐኪሙ ይሆናል።»

«ሐኪሙማ ቀድሞ ሞቷል።»

«እንግዲያው ሚስታቸውን ጠይቃ።»

«ሐዘን ላይ ያለች ሴት ቤት ገብቼ ‹ማን ገደለው?› ልበል?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ አሁን ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ካሳ የገነጠላቸውን ቅጠሎች አጠገቤ አድርጌ የቤቴን በር ከፍቼ እቀመጣለሁ።