ከካባው በላይ ያለ ፊት

(ወልድያ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ፤ በኮምፒውተር ፎቶ የምታቀናብረው ትርንጎና የቀድሞ ባሏ እናት ወይዘሮ ይርገዱ።)

ትርንጎ፦ ሌላ ፎቶ ቤት ይሂዱ፣ እማማ። ራሴን በገዛ እጄ ከሠርጌ ፎቶ አላወጣም።

ይርገዱ፦ የሌላው ያስታውቃል። ለጎረቤቶቻችን ለእነ ውዱ፣ ሟች አባታቸውን መሀል አስገባላቸው፤ ሁሉም ጥላ አላቸው፣ ሟቹ የለውም። ያንቺ እጅ ይሻላል።

ትርንጎ፦ አዲሷን ሚስት ካባ አልብሳችሁ አስነሷታ።

ይርገዱ፦ ለስንዱ ሁለተኛ አልደግስም። ደግሞ ማስተዋል አፏን ፈታች፤ ግድግዳውን እያየች «ይቺ ማናት?» ትላለች።

ትርንጎ፦ ልጄን ምን አሏት?

ይርገዱ፦ ሚዜ ናት አልኳት።

ትርንጎ፦ ሚዜ ካባ ትለብሳለች?

ይርገዱ፦ እሱ አይደል ያመጣኝ! ፊቱን ብቻ ቀይሪው። ካባው የኛ ነው።

ትርንጎ፦ የኪራይ ነበር። ካባውን በማግስቱ መለሳችሁት፤ እኔን ከወለድኩ በኋላ።

ይርገዱ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ሽማግሌዎቹ «ልጅቱ ከአባቷ ትቅር» ሲሉ እሺ ያልሽው አንቺ።

ትርንጎ፦ ቤት አልነበረኝማ! ...ቅዳሜ ልጄን ያሳዩኝ። እሠራዋለሁ።

ይርገዱ፦ ምጪ።

ትርንጎ፦ ይማሉልኝ።

ይርገዱ፦ ደምስ ይሙት! አንድ ልጄ ይሙት!

ትርንጎ፦ የስንዱን ፎቶ ያምጡ። ...ብርሃኑ በወዲያኛው በኩል ነው ያረፈባት። ፊቷን ገልብጬ ልደርበው።

ይርገዱ፦ ቆይ! ማርያም የሳመቻት በቀኝ ጉንጯ ነው፤ ወደ ግራ ሄደ!

ትርንጎ፦ እሱን ለብቻው ቆርጬ እመልሰዋለሁ። አንገቱ የኔ ስለሆነ አልገጠመም፤ ፊቷን ጠየም ላድርገው።

ይርገዱ፦ ቅላቷን እንዳትነኪ! ልጄ የወደደው እሱን ነው።

ትርንጎ፦ እንግዲያው አንገቴን አቀላዋለሁ።

ይርገዱ፦ እጁስ?

ትርንጎ፦ የኔ ነው። ደምስ ይዞታል፤ ከተነሳ የሱም ጣቶች አብረው ይሄዳሉ።

ይርገዱ፦ ይቅር፤ እጅ አይናገር። አንቺስ የት ገባሽ?

ትርንጎ፦ ከሥር ነኝ። የላይኛው ሲነሳ እታያለሁ።

ይርገዱ፦ እንዳትታዪ አድርጊው።

ትርንጎ፦ ሁለቱን ማዋሃድ ይቻላል። ከዚያ ወዲያ አይላቀቁም።

ይርገዱ፦ አዋህጃቸዋ! ዋናውንም አጥፊው፤ ቅዳሜን ከፈለግሽ።

ትርንጎ፦ ሌላ ቅጂ እኮ የለኝም።

ይርገዱ፦ አጥፊው አልኩሽ።

ትርንጎ፦ ...ጠፋ። ይኸው።

ይርገዱ፦ እሰይ! እኔን ድግስ ያበላሁትን ሴትዮ እንኳ አሳሳተኝ። እጅሽ ይባረክ።

ትርንጎ፦ ቅዳሜ በስንት ሰዓት ልምጣ?

ይርገዱ፦ ባሻሽ ሰዓት፤ መሐላ አላፈርስም። ብቻ «እናትሽ ነኝ» እንዳትያት፤ ግድግዳውን ታይና ትስቅብሻለች።