ፀጉር የማያስገባው አንገት

ታይሚ የአተር ሾርባዋን ይዛ ከኦርቮኪ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የተኩስ ክለቡ ምግብ ቤት ጠባብ ነው፤ ከጀርባዋ ጥይቱን በሣጥን ደርድሮ ተራውን የሚጠብቀውን ሰውዬ በክርኗ ልትነካው ምንም አልቀራት። ድምጿን ግን ዝቅ አላደረገችም።

«ሰናፍጩን አቀብይኝማ ኦርቮኪ። ሐይቁ ዛሬ ጸጥ ብሏል አይደል? ለኢላማ የተመቸ ቀን ነው። ልጆቹስ ደህና ናቸው?

እኔማ ትናንት ሌምፒን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ደህና ናት። በቀኝ በኩል ስለማይታያት ጋዜጣ ስታነብ እንዲህ ዘንበል ትላለች። ሻይ ስትቀዳልኝ ከኩባያው ውጭ አፈሰሰችውና ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

አንዳንድ ሰው ግን እጁ ይባረክ፣ እንዴት ያለ ጥንቁቅ ነው! የፋብሪካ ጥይት አይነካም፤ ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩን ተክሎ፣ ቤቱ ራሱ ይሞላል። ሌላው ሰው አረሩን በሚጨብጠው የቀለሁ አንገትና በጠመንጃው መካከል ቢያንስ አምስት መቶኛ ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል። እሱ ምን በወጣው? የእሱ ፀጉር አያስገባም። ባሩዱ ሲቀጣጠል አንገቱ ሰፋ ብሎ አረሩን መልቀቅ አለበት ይላሉ... በየት በኩል ይስፋ? ቦታ የለውማ። እንግዲህ ግፊቱ ወደፊት መውጫ ሲያጣ ወደኋላ ይመጣል። በኋላ ደግሞ ምን አለ? የሰው ፊት ነዋ።

ደግነቱስ ብትይ? ጠመንጃውንም ጥይቱንም ለሌምፒ ያዋሳት እሱ አይደል? ቀለሁ ፈንድቶ ሆስፒታል ስትገባም ለማስረዳት ከሁላችን ቀደመ፤ 'መቀርቀሪያውን በደንብ አልዘጋችውም' አለ። እኔም ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤው ላይ ቁልጭ አድርጌ አሰፈርኩት። የእጅ ጽሑፌ እኮ ያምራል...

ይቺን ቀለህ አየሻት? ከአደጋው በፊት በነበረው እሑድ እሱ ተኩሶ የጣላት ናት፤ ኪሴ ውስጥ ከርማለች። አረሩንም ይዤልሻለሁ። የተተኮሰ ቀለህ አንገቱ ስለሚሰፋ አረር ያለ ትግል ዘው ይልበታል፤ ካልገባ ክፍተቱ አንሷል ማለት ነው። ይህን ጀማሪም ያውቃል። እስቲ ሞክሪልኝ፣ ምናልባት የእኔ ጣት ይሆናል... እምቢ አለሽ? ያን ቀንም እምቢ ብሎኝ ለዚያ ጥንቁቅ ሰው ሳሳየው፣ 'የእኔ እንዲህ ነው ጥብቅ' ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። የክለባችን ሻምፒዮን ሲስቅ ማን ዝም ይላል?

ዛሬም ከዚያው ሣጥን ይዞ መጥቷል አሉ። ከጎኑ የሚተኩሰው ማን ነበር... ያንቺ ባል? መታደል ነው።»

ከጀርባዋ የሣጥን ክዳን ቀስ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ። ኦርቮኪ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ታይሚ አልዞረችም።

«ለማንኛውም ከሰዓት ቦርዱ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤውን አስተካክላለሁ። ቀለሁን ከገጹ ጋር አያይዤ፣ የራሴንም ሳቅ እጽፈዋለሁ። እሱን ግን ክፉ አይንካብን። ዕድሜ ይስጠው፤ ሁለቱንም ዓይኖቹን እስከ ሽምግልናው ጤና ያድርግለት... ሌምፒ በዚያ በር በገባች ቁጥር አጥርቶ እንዲያያት።»