አፌን ሳታሸትት ቁልፍ እንዳትሰጠኝ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። የስምሪት ክፍሉ ፋሩቅ ነኝ። የመኪና ቁልፍ እንጂ ማይክ ይዤ አላውቅምና ብሳሳት ታገሡኝ።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው መለሰ ከወግዲ ተዛውሮ መካነ ሰላም የመጣ ዕለት ኮትና ክራባት አድርጎ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። አዲሱ ኃላፊ ነው ብዬ ብድግ አልኩና ወንበሬን ሰጠሁት። ተደላድሎ ተቀመጠ። ሻይ አስመጣሁለት። ሻዩን ጨርሶ፣ "ወንድሜ፣ ሹፌሮች የሚመዘገቡት የት ነው?" አለኝ። ወንበሬን እስከ ዛሬ በወጉ አላገኘሁትም።

ያ ኮት ብዙ አልቆየም። ምክንያቱን ታውቃላችሁ። አረቄውን ላንሳ ወይስ ልተወው ብዬ ትናንት ጠይቄው ነበር። "ከዘለልከው የምትሸኘው ሌላ ሰው ነው" አለኝ። ስለዚህ አልዘልም።

ደሴ ታክሞ ሲመለስ መጠጡ ለቆታል፤ ሰውየው ግን ገና አልተመለሰም። ያየውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል። ወንበር ሲያደናቅፈው እንኳ ወንበሩን ይቅርታ ይላል። ፊቱን ላለማየት የመኪናውን መስታወት ወደ ሰማይ አዙሮ ነበር የሚነዳው። ከወረኢሉ ስንመለስ ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ ስጠብቅለት አንገቴ ሊጣመም ነበር።

ሐኪሙ ደግሞ በየማለዳው ራስህን በመስታወት አይተህ ሰላም በል ብሎት ኖሯል። አንድ ጧት መኪናው አጠገብ ቆሜ፣ "እንዴት አደርክ?" ሲል ሰማሁት።

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

"ጠፋህ እኮ" አለ ደግሞ።

ትናንት አብረን አይደል የዋልነው ስለው፣ "ፋሩቅ፣ አንተን አይደለም" አለኝ።

የባሰው ግን ማሽተቱ ነው። ራሱን አላመነማ። "አፌን ሳታሸትት ቁልፍ እንዳትሰጠኝ" ብሎ አስማለኝ። አረቄ ቀምሼ የማላውቀው ሰውዬ የአረቄ መርማሪ ሆንኩ። ረመዷን ሲገባ ቢጨንቀኝ ሼህ ጀብሪል ዘንድ ሄጄ፣ የሰው አፍ ማሽተት ጾም ያፈርሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሼሁም፣ "ልጄ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው የያዝከው?" አሉኝ። ጉንፋን ይዞኝ አላሸት ያለኝ ዕለት ደግሞ እሱ አሽትቱኝ እያለ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። ቦጋለች ከሒሳብ ክፍል ወጥታ፣ "ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ይለፍ" ብላ ፈረደች።

በየድግሱም ጠላ ከቀረበበት ከክርስቲያኑ ገበታ ተነስቶ፣ የራሱን ሳህን እንደያዘ፣ የማያሰክረው ቀሪቦ ወዳለበት ወደኛ ወደ እስላሞቹ ይመጣ ጀመር። ወሬው የንስሐ አባቱ ዘንድ ደረሰ። መጥተው፣ "ሰልመሃል አሉ፤ እውነት ነው?" ቢሉት፣ "አባ፣ እኔ የቀየርኩት ጣሳዬን ነው" አላቸው።

ከዚያ አንድ ጧት መጣና እጁን ዘረጋ። እንደ ልማዴ አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

"ተወው ፋሩቅ" አለኝ፤ "ዛሬ እኔ አውቃለሁ።"

ቁልፉን ሰጠሁት። በመስኮት ሳየው መስታወቱን ወደ ፊቱ አዞረ። ያን ቀን ዓይኔ ቀልቶ ጉንፋን አገረሸብኝ ብያችሁ ነበር። ጉንፋን አልነበረም።

መሌ፣ አመሰግንሃለሁ። ሰው ተዋርዶም ክብሩን መልሶ እንደሚያገኝ ያየሁት ባንተ ነው። በጫትና በመጠጥ ተስፋ የቆረጡ ስንት ልጆችን ጋቢና አስቀምጠህ፣ መስታወቱን ወደነሱ አዙረህ አጫውተሃቸዋል። እናቶቻቸው ይመርቁሃል። እታገኘሁ፣ አንቺም ባልሽን ስትጠብቂ ከርመሻል፤ አላህ ይስጥልን።

ቅድም ቁልፉን ስትመልስልኝ፣ "ከነገ ጀምሮ ማለዳ ለምን እነሳለሁ? የሚያስፈራኝ እሱ ነው" አልከኝ። መልሱን ያቆየሁት እዚህ ልሰጥህ ብዬ ነው። ኮሚቴው ስጦታህ ሰዓት ይሁን ብሎ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ይኸው፣ ወደ ሰማይ ታዞረው የነበረው የዚያች የድሮ መኪናህ መስታወት ነው፤ ንብረት ክፍል ፈቅዶልናል። ነገ ጧት ሰላም በለውና ወደኔ ና። የምሰጥህ ቁልፍ የለም። ወንበሬ ግን ያንተ ነው።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። ለመለሰ ዕድሜ፣ ጤና፣ የሰላም እንቅልፍ። ዛሬ በሁለቱም ገበታ ያለው ቀሪቦ ነው፤ ሳታሸቱ ጠጡ።