ወርቅ አልቀበልም ያለችው ንግሥት

(አዳማ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለች ባለ አንድ ክፍል ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው የጌም ድርጅት አብረው የከፈቱት ምንተስኖትና ፀዳለ «ሰባት ወንዝ» በሚባለው ጌማቸው ላይ ይከራከራሉ፤ በጌሙ ተጫዋቹ ንጉሥ ሆኖ አገር ያቀናል፣ ተቀናቃኞቹን መሪዎች ደግሞ ኮምፒውተሩ ያንቀሳቅሳቸዋል።)

ምንተስኖት፦ አንድ መስመር ነው ፀዲ! አንድ መስመር ኮድ! ሦስት ጊዜ ወርቅ ከተላከላት ንግሥት አልጣሽ ትታረቅ። አለቀ።

ፀዳለ፦ አትታረቅም።

ምንተስኖት፦ ነገ አዳራሽ ውስጥ ጌሙን ለባለሀብቶች እናሳያለን። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስጫወት እንደ ትናንቱ ከተማዬን ብታቃጥልብኝስ?

ፀዳለ፦ ታቃጥላለቻ! ሥራዋ ነው።

ምንተስኖት፦ ጌሙን የሚሞክሩልን ልጆች ሊያብዱ ነው እኮ። አንዱ ወርቅ ላከላት፣ ጦርነት አወጀች። ሌላው ወርቁ ላይ ጨው ጨመረበት፣ ድንበሩን ጥሳ ገባች። ሦስተኛው ግማሽ አገሩን ሰጣት...

ፀዳለ፦ እሱንማ ከቀረው ግማሽ አባረረችው። በሳቅ ልሞት ነበር።

ምንተስኖት፦ እኔን አላሳቀኝም። ሁሉም ብልሽት አለበት ነው የሚሉት።

ፀዳለ፦ ብልሽት አይደለም። ኩርፊያ ነው።

ምንተስኖት፦ ኮምፒውተር ደግሞ ያኮርፋል እንዴ?

ፀዳለ፦ እኔ የሠራሁት ያኮርፋል። ደጃች ጓንጉል ከሱ የበለጠ ከብት ያለውን ሰው ሁሉ የሚወጋው ለምን ይመስልሃል?

ምንተስኖት፦ ስግብግብ ስለሆነ ነዋ።

ፀዳለ፦ አይደለም። በሠርጉ ቀን አማቱ «ጥሎሽ ብለህ ያመጣኸው ይሄን ነው?» ብሎ በሰው ፊት ስላሳቀበት ነው። ለተጫዋቹ አይነገረውም። ግን ከብቱን ጫካ ደብቆ ጓንጉልን እራት የጠራ ሰው ዕድሜ ልኩን ወዳጅ ያገኛል። መሪዎቼ ሁሉ በሆዳቸው የያዙት ነገር አለ።

ምንተስኖት፦ ጓንጉልስ እሺ፣ መውጫ አለው። አልጣሽ ግን ግድግዳ ናት።

ፀዳለ፦ በር አላት። የሚያንኳኳ ጠፋ እንጂ።

ምንተስኖት፦ በሩ የት ነው?

ፀዳለ፦ አልነግርህም።

ምንተስኖት፦ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እኮ ነኝ!

ፀዳለ፦ እሷም ንግሥት ናት።

ምንተስኖት፦ እንግዲያው ስሚኝ። እስከ ማታ ካልተስተካከለች ከጌሙ አወጣታለሁ። ነገ ያለ አልጣሽ እናሳያለን።

ፀዳለ፦ እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ንግሥቲቱን ተዋትና ከኔ ጋር ተነጋገር።

ምንተስኖት፦ ከማን ጋር እየተነጋገርኩ ነው ታዲያ? ደግሞ ካልፈለግሽ እኔው ራሴ ገብቼ እለውጠዋለሁ።

ፀዳለ፦ ለውጠዋ። ልነሣልህ? ና ተቀመጥ።

ምንተስኖት፦ ...ተይ እንጂ። ባለፈው አንዲት ቁጥር ብነካ ጓንጉል የራሱን ከተማ ከበበ። ያንን ነገር ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም።

ፀዳለ፦ ምን አልክ? ድገመው እስቲ።

ምንተስኖት፦ ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም አልኩ።

ፀዳለ፦ በሩ ተዘግቶ፣ ሁለታችን ብቻ ባለንበት። ጥሩ ነው፤ ቀጥል።

ምንተስኖት፦ ምን ማለትሽ ነው?

ፀዳለ፦ ምንም። የምናወራው ስለ ንግሥቲቱ አይደል?

ምንተስኖት፦ ሰሞኑን ምን እንደነካሽ እንጃ። አዲስ ወንበር አመጣሁልሽ፣ አልተቀመጥሽበትም። ስልክ ገዛሁልሽ፣ ካርቶኑን አልከፈትሽውም። ለልደትሽ ያን የመሰለ ኬክ ብልክልሽ ለጥበቃው ሰጠሽው።

ፀዳለ፦ ጥበቃው በጣም ወደደው።

ምንተስኖት፦ ደግ ነገር ባደረግኩልሽ ቁጥር ይብስብሻል እኮ!

ፀዳለ፦ ወይ ጉድ! እኔም ብልሽት አለብኝ ማለት ነው።

ምንተስኖት፦ አትቀልጂ። ክፈቺው በቃ፣ ልጫወት። ያንቺን በር ሳላገኝ አልነሣም።

ፀዳለ፦ ከመጀመሪያው ጀምር ግን። እናንተ ሁልጊዜ የምትጀምሩት ከጦርነቱ ነው።

ምንተስኖት፦ ይኸው፣ ከመጀመሪያው። ሕዝቤ ወንዝ ዳር ሰፍሯል። ግንበኛ የለኝም፣ ድንጋይ ጠራቢ የለኝም። አልጣሽ ግንበኞቿን ላከችልኝ። ጎሽ!

ፀዳለ፦ ምን አስከፈለችህ?

ምንተስኖት፦ ምንም። ግንቡ አለቀ፣ አሁን ምርቃት ነው። እንግዶች ጥራ ይለኛል። ጓንጉል ፈረሰኛ አለው፣ ይጠራ። የጨው አገሩ ሹም ይጠራ። የደጋዎቹም ይጠሩ።

ፀዳለ፦ እሷስ?

ምንተስኖት፦ ፈረሰኛ የላት፣ ጨው የላት፣ ምን ታደርግልኛለች? ደግሞ አዳራሹ ሞላ።

ፀዳለ፦ ንጉሥህ ንግግር ሊያደርግ ነው። አንብበው።

ምንተስኖት፦ እሱን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ።

ፀዳለ፦ አውቃለሁ። ዛሬ አትዝለለው። ጮክ ብለህ አንብብ።

ምንተስኖት፦ «ይህን ግንብ አስቤ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ጥቂት ሰዎች ረድተውኛል።»

ፀዳለ፦ ቀጥል እንጂ።

ምንተስኖት፦ ፀዲ... ይሄን መቼ ነው የጻፍሽው?

ፀዳለ፦ ጌሙን ለሕዝብ ካሳየንበት ኤግዚቢሽን ማግስት።

ምንተስኖት፦ የኔ ቃል ነው።

ፀዳለ፦ አንተ እንኳ ያልከው «ጥቂት ልጆች» ነበር። ለንጉሥ አይመጥንም ብዬ አስተካከልኩልህ።

ምንተስኖት፦ ደንግጬ ነው እኮ! ያ ሁሉ ካሜራ ሲበራብኝ፣ ጋዜጠኛዋ «መሪዎቹን ማን አሰባቸው?» ስትለኝ...

ፀዳለ፦ ደንግጠህ የራስህን ስም አልረሳህም።

ምንተስኖት፦ ስንት ጊዜ ሆነው! አንድም ቀን አላነሣሽውም።

ፀዳለ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እናቴን ይዤ ነው የመጣሁት ያን ቀን፣ ሥራዬን ላሳያት። ለዚያ ብላ ፀጉሯን ተሠርታለች። ተናግረህ ስትጨርስ ሰዉ አጨበጨበ፣ እሷም አጨበጨበች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ያንቺ የቱ ነው?» አለችኝ።

ምንተስኖት፦ ...ምን አልሻት?

ፀዳለ፦ «ወንበሮቹን ነው የደረደርኩት» አልኳት። አመነችኝ። «ጎበዝ፣ አሳምረሽ ደርድረሻል» አለችኝ። አሁን ሳወራልህ እንኳ ያቃጥለኛል፣ ምንተስኖት።

ምንተስኖት፦ ታዲያ ምናለ ብትነግሪኝ?

ፀዳለ፦ ተበድዬ እኔው ላስታውስህ? ደጅ ልጥናህ?

ምንተስኖት፦ እሺ። እሺ... ለአልጣሽ ምን ልላክላት?

ፀዳለ፦ መላኩ ነው እኮ በሽታው። ወርቅ በላክህ ቁጥር «ዋጋዋ ይሄ ነው» እያልካት ነው።

ምንተስኖት፦ ራሱ ይሂድ እንዳትዪኝ ብቻ። ንጉሡ ከሞተ ጨዋታው ያልቃል!

ፀዳለ፦ ያልቃል።

ምንተስኖት፦ ትንሽ ጦር ባስከትልስ?

ፀዳለ፦ ጦር ይዞ ማን ይታረቃል? አልሸሹም ዞር አሉ ነው እሱ።

ምንተስኖት፦ ብቻውን፣ ዘውዱን አውልቆ... ቆይ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ አንድ ድንጋይ አለ። ምንም አይጠቅምም ብለን ልናጠፋው የነበረው።

ፀዳለ፦ እናንተ ናችሁ ልታጠፉት የነበረው። አንዱ ልጅማ በወንጭፍ ወረወረባት።

ምንተስኖት፦ አያቴ አገር አይቻለሁ። ሰው የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ «ማሩኝ» ይላል። አልጣሽ የምትፈልገው... ፀዲ፣ ይሄን ብቻ ነው?

ፀዳለ፦ «ብቻ» ትለዋለህ? ይሞክረውና ክብደቱን ይንገርህ።

ምንተስኖት፦ ተሸከመ። ድልድዩን ተሻገረ። ቀስተኞቿ ዙሪያውን ቆመዋል። ኧረ እየገፈተሩት ነው! ልመልሰው?

ፀዳለ፦ እንዳትመልሰው። ድንጋዩንም እንዳታስቀምጥ። ይቻለው።

ምንተስኖት፦ ተንበረከከ... በሩ ተከፈተ! ራሷ ወጣች! ድንጋዩን በእጇ አወረደችለት! ታረቀች፣ ፀዲ፣ ታረቀች! ነገ ይሄን ነው የማሳያቸው፤ አዳራሹ ነው የሚያብደው!

ፀዳለ፦ አዎ፣ ንጉሡን ማረችው። ራሱ ሄዷላ።

ምንተስኖት፦ እኔ ግን...

ፀዳለ፦ አንተ ኬክ ነው የላክኸው።

ምንተስኖት፦ ይቅርታ አድርጊልኝ። የእውነቴን ነው። አሳፈርኩሽ፤ ራሴንም አሳፈርኩ።

ፀዳለ፦ ሰምቼሃለሁ። ግን የበደልከኝ እዚህ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ምንተስኖት፦ ነገ መድረክ ላይ ስምሽን እጠራለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ!

ፀዳለ፦ አትጠራውም።

ምንተስኖት፦ እንዴ! ምን አድርግ ነው የምትዪኝ ታዲያ?

ፀዳለ፦ ስሜን ራሴ እናገራለሁ። ነገ መድረኩ ላይ የምወጣው፣ ጌሙን ተጫውቼ አልጣሽን የማሳያቸውም እኔ ነኝ።

ምንተስኖት፦ እኔስ? እኔ የት ልሁን?

ፀዳለ፦ አንተ ጠዋት እናቴን ከቤቷ አምጥተህ ከጎኗ ትቀመጣለህ። እኔ ከመድረኩ ሳልወርድ፣ ያደረግከውን በገዛ አፍህ ትነግራታለህ።