ባትሪ ቆጣቢው

ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ጠና ያሉ ሴትና አንድ ወጣት ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«እትዬ፣ ስልክዎ ሊዘጋ ነው። ባትሪ ቆጣቢውን ላብራልዎት?»

«እንዳትነካው! ገና ዛሬ ጧት ነው ያስጠፋሁት!»

«ኧረ ለእርስዎ ብዬ ነው። ፕሮሰሰሩ ዝግ ብሎ ይሠራል፣ የማይጠቀሙበት ሁሉ ይተኛል፤ ባትሪው ይቆይልዎታል።»

«ስልክ ጠጋኙም እንዲሁ ብሎ ነው ያበራልኝ። መብራት ስለሚጠፋ ይበጅሻል አለኝ። ይኸው ባትሪው ቆየ! እናቴ ትናንት ጧት ካራቆሬ ሞተች። ወንድሜ በድምፅ መልእክት ልኮልኛል። እኔ የሰማሁት ማታ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ስሰካው ነው!»

«አላህ ይዘንላቸው፣ እትዬ።»

«እናትን አጥቦ መከፈን የሴት ልጅ ነበር። የኔን እናት ጎረቤት አጠባት! ከሰዓት በኋላ፣ ገና የአስር ሶላት ሳይሰገድ ቀበሯት፣ ፊቷን እንኳ ሳላይ!»

«ግን… ወንድምዎ አልደወሉም?»

«መልእክት ልኳል አልኩህ እኮ!»

«ቆጣቢው ጥሪ አይከለክልም፣ እትዬ። የሚያዘገየው መልእክቱን ነው፤ ቻርጅ ሲሰካ ይለቀዋል። ቢደውሉልዎ ኖሮ ይጠራ ነበር።»



«ይጠራ ነበር?»

«እንዴታ! እንደ ወትሮው ይጠራል።»

«ልኬላታለሁ ብሎ ተቀመጠ በለኛ! በል እንግዲህ፣ ጠቤ ከስልክ ጋር አይደለም። እዚያው ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለምን አልደወልክልኝም እለዋለሁ!»

«ኧረ እትዬ፣ በሐዘን ላይ…»

«ዝም በል አንተ! እናትህ ናት?»

እኔ ስንነሣ ዘፈን ልሰማ ብዬ ከኪሴ ያወጣሁትን የጆሮ ማዳመጫ፣ የእነሱን ወሬ ስሰማ ሳልሰካው፣ እጄ ላይ እንደያዝኩት ካራቆሬ ደረስን።